ከፉሪ ለቡ እስከ ጅማ

ጅማ፣ ጥቅምት

ውድ ወንድሜ ሙክታር፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረምክ? እናትህ ደህና ናቸው? ልጆቹስ አደጉ? ከተጻጻፍን ዓመታት አልፈዋል፤ የማን ተራ ነበር የሚለውን እንተወውና ወደ ጥያቄህ ልግባ። ከድሬዳዋ በባቡር ተነስተህ ጅማ ልትመጣ ማሰብህ በጣም ደስ ብሎኛል። አዲስ አበባ ላይ ከምን ወደ ምን እንደምትቀይር ጠይቀኸኛል። አንተ የምድር ባቡር ሰፈር ልጅ ስለሆንክ ነገሩን ከነምክንያቱ ባስረዳህ ይሻላል።

ከሁሉ በፊት የድሮውን ጣቢያ፣ ለገሃርን፣ እርሳው። የድሮው ባቡር ድሬዳዋ የገባው በ1895 ዓ.ም. ሲሆን አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ዛሬ ቆሞ የምናየው የለገሃር ሕንፃ ደግሞ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። ያ መስመር ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ስለሆነ በጠባብ ኩርባ እየታጠፈ ከተማው መሃል ድረስ ይገባ ነበር። የአዲሱ የጅቡቲ ሐዲድ ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ረጅም የጭነት ባቡር ስለሚያልፍበትም ሰፊ ኩርባና ለዘብ ያለ ዳገት ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ከተማዎቹን በዳር በዳር ይዞ ያልፋል። ድሬዳዋም አዲሱ ጣቢያ ከከዚራ ርቆ እንደተሠራ ታውቃለህ። አዲስ አበባም ያው ነው፤ የምትወርደው በከተማዋ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ ፉሪ ለቡ ነው። ምርቃቱ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. እዚያው ተደረገ፤ መደበኛ አገልግሎቱ የጀመረው ታኅሣሥ 23 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው።

የተሳፋሪው ባቡር በየቀኑ አለ ብለህ አትነሳ። መታወቂያህን ይዘህ አስቀድመህ ወደ ትኬት ቢሮው ሂድና የሚነሳበትን ቀን አረጋግጥ። የሚያዘገየውንም ልንገርህ። ከሰበታ እስከ አዳማ ሐዲዱ ጥንድ ነው፤ ከአዳማ ወዲያ ወደ እናንተ ግን ነጠላ ነው። በነጠላው ላይ ሁለት ባቡሮች የሚተላለፉት ጣቢያ ላይ ብቻ ስለሆነ አንዱ ከዘገየ ሌላውም ቆሞ ይጠብቀዋል። ግመልና ከብት ሐዲዱ ላይ የሚገባው፣ መብራት የሚቋረጠውም አለ። የጅማ አውቶቡስ ደግሞ የሚነሳው ማለዳ ነው። ስለዚህ በዚያው ቀን እቀጥላለሁ ብለህ አታቅድ፤ አዲስ አበባ ታድራለህ።

የት እንደምታድር የሚወስነው አውቶቡሱ የሚነሳበት ቦታ ነው። መደበኛው አውቶቡስ ከመርካቶው አውቶቡስ ተራ ይነሳል። ዘመናዊዎቹ ከመስቀል አደባባይ አካባቢ ነው የሚነሱት፤ ትኬታቸው ከቀናት በፊት ስለሚያልቅ ቀድመህ አስቆርጥ፣ መነሻውንም በዚያው ጠይቅ። ሻንጣህ ከባድ ከሆነ ወይም ከመሸ ከደረስክ ከፉሪ ለቡ ራይድ ጥራና በቀጥታ አልጋ ወደምትይዝበት ሂድ። ቀን ከደረስክና ዕቃህ በእጅ የሚያዝ ከሆነ ግን ወደ ሜክሲኮ በታክሲ ግባና ከዚያ ቀላል ባቡሩን ያዝ።

አሁን ልብ ብለህ አንብብ፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀላል ባቡሩ ሁለት መስመር አለው። ሰማያዊው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ አረንጓዴው ከአያት ጦር ኃይሎች ይሄዳል። እያንዳንዳቸው 22 ፌርማታ አላቸው፤ ጠቅላላው ግን 39 ነው፤ ምክንያቱም ስታዲየምን፣ ለገሃርን፣ ሜክሲኮን፣ ተግባረ ዕድንና ልደታን ይጋራሉ። በዚህ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነ ርቀት ሁለቱም በአንድ ሐዲድ ላይ ይሄዳሉ። ለመቀየር ሌላ ጣቢያ መፈለግ የለብህም፤ ወርደህ እዚያው ቀጣዩን ትጠብቃለህ። አንተን ከሜክሲኮ ወደ አውቶቡስ ተራ የሚወስድህ የምኒልክ አደባባዩ ነው፤ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ፣ ዳርማር፣ አብነት፣ ሰባተኛ፣ ቀጥሎ አውቶቡስ ተራ፤ ስድስተኛው ላይ ትወርዳለህ። የጦር ኃይሎቹም በዚያው ጎን ስለሚመጣ የደረሰውን ሁሉ አትሳፈር፤ ፊቱ ላይ የተጻፈውን መድረሻ አንብብ ወይም አጠገብህ ያለውን ሰው ጠይቅ። ተሳስተህ ብትገባ እንኳ ልደታ ላይ ውረድ። ልደታን ካለፍክ መስመሮቹ ተለያይተዋል፤ ቀጣዩ ኮካ ኮላ ነው።

ሳሪስ ያለችውን አክስትህን ጠይቀህ ወደ አያት መሄድ ብትፈልግ ደግሞ ስታዲየም ላይ ትወርዳለህ። ከሳሪስ ስትመጣ ወደ ምዕራብ እየሄድክ ነው፣ አያት ግን በምሥራቅ ነው፤ ስለዚህ የምትጠብቀው በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣውን ነው። ሜክሲኮ ድረስ ሄዶ መመለስ ትርፉ ድካም ነው። ከጦር ኃይሎች ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄድም እንዲሁ ልደታ ላይ ዞሮ ይይዛል። ከቃሊቲ ወደ ጦር ኃይሎች ወይም ከአያት ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄድ ግን አቅጣጫው ስለማይለወጥ ከአምስቱ በፈለገው ላይ ይቀይራል። ክፍያው በርቀት ስለሆነ የመጨረሻ መውረጃህን ለትኬት ሻጯ ንገራት፤ ትኬቱንም እስክትወጣ አትጣለው። ጠዋትና ማታ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግፊያው ብርቱ ነው፤ ስልክህንና ቦርሳህን ከፊትህ አድርገህ ያዝ።

አንዳንዴ ብዙ ትጠብቃለህ። መስመሩ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ቆመዋል። ሐዲድ መጋራቱም የራሱ ዋጋ አለው። በየመስመሩ በ6 ደቂቃ አንድ ባቡር ቢሄድ በጋራው ክፍል ላይ በ3 ደቂቃ አንድ ያልፋል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሜክሲኮ ላይ ቢበላሽ የአያቱም የቃሊቲውም ተሳፋሪ ይቆማል። ሩብ ሰዓት ጠብቀህ ምንም ካልመጣ ከፌርማታው ወርደህ ታክሲ ያዝ።

ሙክታር፣ እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የጅቡቲው ሐዲድ የሚጀምረው ሰበታ ነው፤ ሰበታ ደግሞ የጅማ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። የቀላል ባቡሩ ምዕራባዊ ጫፍ ጦር ኃይሎችም ከጅማ የሚመጣው መንገድ ከተማ የሚገባበት አቅጣጫ ነው። ሁለቱም እኛ መንገድ አጠገብ ደርሰው እርስ በርስ ግን አይገናኙም። የሐዲዳቸው ስፋት አንድ ነው፤ ሆኖም ቀላል ባቡሩ በ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ፣ የጅቡቲው በ25,000 ቮልት ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ስለሚሠሩ አንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ ዝም ብሎ አይነዳም። ስለዚህ የሚቀይረው ሰው ነው፤ ለሰው ደግሞ ጣሪያ ያለው መሸጋገሪያ፣ አሳንሰር፣ የተናበበ ሰዓትና አጠገቡ የአውቶቡስ መናኸሪያ ያስፈልገዋል። አረንጓዴው መስመር በአየር ጤና በኩል እስከ ሰበታ ቢቀጠል የጅማ፣ የወሊሶና የወልቂጤ ሰው መርካቶ ሳይገባ ሰበታ ላይ ከአውቶቡስ ወደ ባቡር ይቀይር ነበር። ለእኔ ከማንኛውም አዲስ መስመር ቀድሞ መሠራት ያለበት ይህ ነው። ወደ ጅማ የታቀደው ሐዲድ እንኳ፣ በኢጃጂ አልፎ ጅማ ደርሶ ወደ ጉራፈርዳና ዲማ እንዲቀጥል የተነደፈው፣ ገና አልተሠራም።

እስከዚያው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ነው። ከወልቂጤ በኋላ ወደ ግቤ በረሃ ስትወርድ ይሞቅሃል፤ ሰኮሩ ስትደርስ ደግሞ ነፋሱ ይቀየራልና ጃኬትህን ከላይ አድርግ። አሰንዳቦ ስትደርስ ደውልልኝ፤ መናኸሪያ መጥቼ እቀበልሃለሁ። የባቡሩን ትኬት እንደቆረጥክ ቀኑን ላክልኝ፤ የአውቶቡሱን እኔ ከዚህ ሰው ልኬ አስቆርጥልሃለሁ። እናትህን ሰላም በልልኝ።

ወንድምህ ነስሩ