ጥላና መደገፊያ ያለው አግዳሚ ወንበር

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለቤቴ ያረፈው ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ቀንና ሌሊት በሚወርድበት ሰሞን ነው። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት ተቀጥሮ እዚያው ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ጋዜጣችሁን እርሳስ ይዞ ነበር የሚያነበው፤ ስንት ግድፈት እንዳገኘባችሁ ሳልነግራችሁ አላልፍም።

የእድሩ ድንኳን እስኪነሳ ድረስ ቤቴ ሰው አልጠፋበትም፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ከአርባው በኋላ ግን ጭር አለ። አልፎ አልፎ ብቅ የሚለውም “በርቺ” ብሎኝ ይሄዳል። እንዴት እንደሚበረታ የነገረኝ ግን የለም። በእንቁጣጣሽ የሠፈሩ ልጆች ሐዘን ቤት ነው ተብለው አበባየሆሽ ሳይሉ ደጄን አለፉ። አደይ አበባው ግን ማንም አልከለከለውምና ከአጥሬ ሥር እንደ ወትሮው ፈካ።

ከቤት መውጣት የጀመርኩት መጽናኛ ፍለጋ አይደለም። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ሐኪም ተራመጂ ብሎኝ ነው። መጀመሪያ ከአራት ኪሎ ቅድስት ሥላሴ ድረስ፣ ቀስ በቀስም ሽቅብ እስከ ስድስት ኪሎ መሄድ ጀመርኩ። የዩኒቨርሲቲው ግቢ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ፣ በ1954 ዓ.ም. ለትምህርት የተሰጠ ነው፤ እኔም በማታው ክፍል ተምሬበታለሁ። ትልልቆቹ ዛፎች ሥር ስቀመጥ እንደ ለቅሶ ቤት “አይዞሽ” ለሚለኝ ሁሉ መልስ መስጠት የለብኝም። ማልቀስ ካማረኝ አለቅሳለሁ፣ ካላማረኝ ቅጠሉን አያለሁ። አንድ ቀን ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት ቁራ፣ ያ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኘው ባለ ወፍራም ምንቃሩ፣ ፊት ለፊቴ አርፎ አፈጠጠብኝ። እሱም እኔም ጥቁር ለብሰን ስንተያይ ሳቄ አመለጠኝ። ከሐምሌ ወዲህ ስቄ አላውቅም ነበር።

ይህን የምጽፈው ለወግ ብቻ አይደለም። በመሀል ከተማ በየመንገዱ ዳር የተሠሩት አዳዲስ መናፈሻዎች ለዓይን ያምራሉ፤ የደከመበትን ሰው አመሰግናለሁ። ነገር ግን ዘንባባ ጥላ አይሰጥም። አግዳሚ ወንበሮቹም ብዙዎቹ መደገፊያ የላቸውም፤ ወገቡን የሚያመው አዛውንት ምን ይሁን? ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ የአገራችን ዛፎች ናቸው፤ ለማደግ ጊዜ ይፈልጋሉ፣ ከተነሡ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋሉ። ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን የመጣው ቶሎ ስለሚያድግ ነበር፤ ያን ጊዜ ማገዶ ቸግሮ ነው፣ ዛሬ የቸገረን ጥላ ነው።

አንዳንዶቹ መናፈሻዎች የመግቢያ ክፍያም አላቸው። ሟች ባል ከሚያገኘው ጡረታ ለሚስቱ የሚደርሳት ግማሹ ነው። ከዚያ ላይ ለጤፍና ለመብራት ከፍዬ፣ ዛፍ ሥር ለመቀመጥ ደግሞ ትኬት ልቁረጥ? ቢያንስ ጡረተኞች በሥራ ቀን ጠዋት በነጻ ይግቡ።

አሁን ኅዳር ገብቷል፣ ዝናቡም ቆሟል። በክረምት የተተከሉት ችግኞች ከእንግዲህ ውኃ የሚያጠጣቸው ካላገኙ እስከ ጥር ይደርቃሉ። በእኛ ሠፈር ያሉትን እኔና ሁለት ጎረቤቶቼ ለማጠጣት ፈቃደኞች ነን። የሚመለከተው ክፍል ቧንቧውን የሚከፍትልን ሰው ይመድብልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ