የኤሌክትሮኒክስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ከማብራት በፊት መለካት

በጥቅምት ወር የክበባችን የመጀመሪያ ኤልሲዲ (የፈሳሽ ክሪስታል ጽሑፍ ማሳያ) የጀርባ መብራት በእኔ ስሕተት ተቃጠለ። ባለ ሁለት መስመሩን፣ በየመስመሩ 16 ፊደል የሚይዘውን ማሳያ ለአባላቱ ሳሳይ መብራቱን ያለ ሬዚስተር (የኤሌክትሪክ ፍሰትን ወይም ከረንትን የሚገድብ ክፍል) በቀጥታ ከ5 ቮልት ጋር አገናኘሁት፤ ለጥቂት ደቂቃ እጅግ ደምቆ ከቆየ በኋላ እየደበዘዘ ሄዶ ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በዚያው ዕለት ለተማሪዎቹ ነግሬአለሁ፤ የዓመቱ ሥራችን በሙሉ የተነሣው ከዚያ ስለሆነም እዚህ ላይ መስፈር ይገባዋል።

አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ማሳያውን ወደ መስኮቱ አዘንብላ ስታየው ጽሑፉ አሁንም እንዳለ አስተዋለች። በዚህም ሁለቱ ክፍሎች ኃይል የሚያገኙት ለየብቻ መሆኑ ለሁሉም ግልጽ ሆነ፤ ፊደሎቹን የሚቆጣጠረው ክፍል በ1ኛውና በ2ኛው ፒን (የማገናኛ እግር) 5 ቮልት ተቀብሎ በጥቂት ሚሊአምፔር ሲሠራ፣ የጀርባ መብራቱ ግን በ15ኛውና በ16ኛው ፒን የሚበራ ዳዮድ (ኤልኢዲ) ስለሆነ ከረንቱን የሚገድብለት ሬዚስተር ያስፈልገዋል።

ከዚያ ወዲህ አንድም ማሳያ ሳንለካ አላበራንም። አንዳንዶቹ 15ኛውና 16ኛው ፒናቸው ተለዋውጦ ስለሚመጣ፣ አባላቱ በቅድሚያ ምልክቱን አንብበው መብራቱን በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል በደካማ ከረንት ያበሩና በሁለቱ ፒኖች መካከል ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር ይለካሉ። በነጭ መብራቶቻችን ላይ ያገኙት 3 ቮልት ገደማ ነበር። ከ5 ቮልቱ የቀረው 2 ቮልት ለመብራቱ ለምንጠቀምበት የ220 ኦም ሬዚስተር ሲካፈል 9 ሚሊአምፔር ያህል ይሰጣል፤ ይህም ለክፍላችን በቂ ብርሃን ሆኖ አግኝተነዋል።

መብራቱን በፕሮግራም ለማጥፋት ማሳያውን ከሚያዝዘው አርዱዊኖ (በፕሮግራም የሚሠራ አነስተኛ የመቆጣጠሪያ ሰሌዳ) ፒን በቀጥታ እንዲመገብ የቀረበውን ሐሳብ አልተቀበልንም። የአርዱዊኖ ኡኖ አንድ ፒን የመጨረሻ ገደቡ 40 ሚሊአምፔር ሲሆን፣ ቢጫ አረንጓዴ መብራት ያላቸው አንዳንድ የቆዩ ማሳያዎች ከ100 ሚሊአምፔር በላይ ይስባሉ። ስለዚህ ፒኑ ትራንዚስተርን (በአነስተኛ ከረንት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያን) ብቻ እንዲቆጣጠር፣ ትራንዚስተሩ ደግሞ መብራቱን እንዲያበራና እንዲያጠፋ አደረግን።

ብዙዎችን ያስደነገጠው በመጀመሪያው መስመር የሚታዩት ጥቋቁር ሳጥኖች ነበሩ። ይህ ብልሽት ሳይሆን ኃይሉ መድረሱን፣ ትእዛዙ ግን ገና አለመድረሱን የሚያመለክት ነው። ሳጥኖቹም ፊደሎቹም ጨርሶ ካልታዩ፣ ከማሳያው 3ኛ ፒን ጋር የተያያዘውን የ10 ኪሎኦም ፖቴንሽዮሜትር (የጽሑፉን ጉልህነት የሚያስተካክል፣ በማዞር የሚለወጥ ሬዚስተር) ቀስ ብሎ ማዞር ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

በጥቅምት መብራቱ የጠፋው ማሳያ ጽሑፉ በቀን ብርሃን ስለሚነበብ፣ አዳዲስ አባላት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ ተለማምደውበታል።