ከሁለተኛው ባዮፕሲ በኋላ፦ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሜ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ቀጥሎ ያለፈውን አንድ ዓመት ከጎኔ ሳትርቁ ለቆማችሁ ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። እኛ ወንዶች ስለ ፕሮስቴት ዕጢ በአደባባይ ማውራት አንወድም። እኔም አልወድም ነበር። ግን ውለታችሁን ሳልናገር ብቀር እንቅልፍ አይወስደኝም።

የደም ምርመራዬ ፒኤስኤ (ፕሮስቴት የሚያመነጨው ፕሮቲን) ከፍ ማለቱን ሲያሳይ መጀመሪያ የተሠራልኝ ባዮፕሲ፣ ማለትም ከዕጢው በመርፌ ናሙና መውሰድ፣ በፊንጢጣ በኩል ነበር። በአልትራሳውንድ እየታየ 12 ናሙና ተወሰደ። በሦስተኛው ሌሊት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያዘኝ። መርፌው የአንጀትን ግድግዳ ወግቶ ስለሚያልፍ ባክቴሪያ ይዞ ሊገባ ይችላል። ቀድሞ የሚሰጠው አንቲባዮቲክም ሁሌ አያስቆመውም። እኔ "ነገ እንሄዳለን" ስል ባለቤቴ "አሁኑኑ ተነስ!" አለችኝ። ውዴ፣ ዛሬ ይህን የምጽፈው በዚያች "አሁኑኑ" ነው። ኢንፌክሽኑ ደሜ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ አምስት ቀን ተኛሁ።

ውጤቱ "ካንሰር የለም" ሲል ደስ አለን። ፒኤስኤው ግን መጨመሩን አላቆመም። ድጋሚ ናሙና ስጥ ስባል እምቢ አልኩ። ጋሼ፣ እርስዎ ተቆጥተው እጄን ይዘው ባይወስዱኝ ኖሮ እስካሁን እምቢ እንዳልኩ ነበርኩ።

ዶክተር፣ እርስዎን በምን ቃል ላመስግን? ወረቀት አውጥተው ዕጢውን ሳሉልኝ። ከላዩ የሽንት ፊኛ፣ ከኋላው ፊንጢጣ። "በፊንጢጣ የሚገባ መርፌ የኋላውን ክፍል በደንብ ያገኘዋል፤ የፊቱን ግን ሊስተው ይችላል" አሉኝ። ያኔ ገባኝ። የመጀመሪያው ውጤት የተናገረው መርፌው ስለደረሰበት ቦታ ብቻ ነው።

ከዚያ ኤምአርአይ ይቅደም አሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመውን፣ 500 ወንዶች የተሳተፉበትን ጥናትም አስረዱኝ። በኤምአርአይ ጀምሮ አጠራጣሪውን ቦታ ብቻ የሚወጋው ዘዴ ከ100 ሰው በ38ቱ ላይ አሳሳቢ ካንሰር አገኘ። የተለመደው ባዮፕሲ ያገኘው በ26ቱ ላይ ነው። እኔን ያሳረፈኝ ግን ሌላው ቁጥር ነበር። ብዙም የማያሰጋውን ካንሰር አግኝቶ ሰውን በከንቱ ማስጨነቅ ከ22 ወደ 9 ወርዷል። መርፌው ቀንሶ ውጤቱ ተሻለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ባዮፕሲ በዘር ፍሬ ከረጢትና በፊንጢጣ መካከል ባለው ቆዳ በኩል ተሠራ። አንጀት ስለማይነካ የኢንፌክሽን ስጋቱ ዝቅተኛ ነው፤ ወደ ፊተኛው ክፍልም ቀጥ ብሎ ይደርሳል። አልዋሽም፣ የማደንዘዣው መርፌ ያቃጥላል። እህቴ ነርስ፣ ናሙና የሚወስደው መሣሪያ ከመተኮሱ በፊት እያንዳንዷን ጊዜ "አሁን ቀጭ ይላል" እያልሽ ትከሻዬን ያዝሽ። ያን እጅሽን አልረሳውም። ሽንቴ ለጥቂት ቀን ደም እንደሚቀላቅል፣ የዘር ፈሳሽ ላይ ደግሞ ለሳምንታት ሊታይ እንደሚችል ቀድመሽ ስለነገርሽኝ አልደነገጥኩም። ትኩሳት የሚባል ነገርም አልመጣብኝም።

ካንሰሩ በዕጢው የፊት ክፍል ተደብቆ ተገኘ። ደረጃው ግሊሰን 3+4፣ ማለትም መካከለኛ።

አንድ ሰው ደግሞ አለ፣ ፊቱን አይቼው የማላውቅ። እንደ ክር የቀጠኑትን፣ ከ2 ሴንቲሜትር የማይበልጡትን ናሙናዎች በማይክሮስኮፕ ያነበበው ፓቶሎጂስት። ድሮ በቀጭን መርፌ ሴል ብቻ ይመጠጥ ነበር አሉ። ሴሎቹ እንዴት እንደተደረደሩ ካልታየ ግን ደረጃውን በትክክል መለየት ከባድ ነው። ወንድሜም ሁን እህቴ፣ ቀዶ ጥገናዬ የተወሰነው አንተ ወይ አንቺ ባነበባችሁት ነው። እግዜር ይስጥልኝ።

ከቀዶ ጥገናው አራት ወር ሆነኝ። ባለፈው ሳምንት ፒኤስኤዬ በመሣሪያ ወደማይለካበት ደረጃ ወርዷል።

ጋሼ፣ ወንድሙ የታመመ ሰው ስጋቱ ከፍ እንደሚል ሐኪሙ ሲነግሩን ሰምተዋል። የእርስዎ የደም ምርመራ ቀጠሮ ማክሰኞ ነው። በዚህኛው ተራ እጅ ይዤ የምወስደው እኔ ነኝ።