ማሙሽን አታሳፍሪብኝ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽም ጉልበት ተሽሎታል።

የልደቱን ቪዲዮ አየሁት። 2 ዓመት ሞላው፣ ይደግልኝ! ግን ሽንቱ ሲያመልጠው እንግዳ ሁሉ ፊት «ኤጭ! አታፍርም?» አልሽው። ሄዶ መጋረጃው ሥር ተሸጎጠ። ቪዲዮውን ከቤተሰቡ ግሩፕ ዛሬውኑ አጥፊው። ልጁን አታሳፍሪው።

ዴይኬሩ ዳይፐር ካልተወ አንቀበልም ማለቱን ነግረሽኛል። ጭንቀትሽ ይገባኛል። ካልሆነ ሌላ ዴይኬር ይፈለጋል እንጂ ልጁ አይጣደፍም።

ማሠልጠኛ ሳለን ስለ ሥነ ልቦና ሊቁ ኤሪክ ኤሪክሰን ተምረናል። በሱ አባባል የመጀመሪያው ዓመት ሕፃኑ ሰው ማመን የሚለምድበት ነው። እሱን ተወጥተሽዋል፤ ሌሊት ሌሊት ስትነሺለት አይቻለሁ። ከዚያ እስከ 3 ዓመት ግድም «እኔ ራሴ!» ይመጣል። ጫማውን ራሱ ካላደረገ፣ ማንኪያውን ራሱ ካልያዘ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ፖፖውም እዚሁ ውስጥ ነው። ባመለጠው ቁጥር ካሸማቀቁት ራሱን መጠራጠር ይጀምራል። «እምቢ» ማለቱ ጥጋብ አይደለም። ልቅ ይሁን ግን አላልኩም! መኪና መንገድ ላይ ቢያለቅስም እጁን ያዢው።

አጎትሽን ታውቂው የለ? ልጅ ሳለ ፍራሹን ደጅ ያሰጡበት ነበር። የሰፈር ልጅ ተሰብስቦ «ሽንታም! ሽንታም!» ይለዋል። ሌሊት ይነቃና እርጥቡ ላይ ተመልሶ ይተኛል፣ በገላው ሙቀት እንዲደርቅ። እኔ አጠገቡ ስለምተኛ አውቃለሁ። አያትሽ ክፉ ሆና አይደለም፤ ያኔ ሁሉም እንዲያ ነበር የሚያሳድገው። እሱ ግን ዛሬም ሠርግ ቤት ጥግ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ምርቃት በለው፣ ለቅሶ በለው፣ ሰው ፊት አፉ ይያያዛል። ስለዚህ ነው አታሳፍሪው የምልሽ።

ቁልፍና ቀበቶ ያለው ሱሪ ይቅር። ላስቲክ ያለው ግዢለት፣ ራሱ ዝቅ ያድርገው። ፖፖውን ከሳሎን አንሺ። ሲያመልጠው «አይዞህ፣ እንቀይር» በይው፤ ቅያሪውን ራሱ ያምጣ። የሌሊቱን ዳይፐር አሁን አትንኪ። ከ5 ዓመት በፊት ሌሊት ቢያመልጠው በሽታ አይባልም። ሲሸና ካመመው ግን ሐኪም ጋ ውሰጂው።

3 ሲሞላው ደግሞ በ«ለምን» ያደክምሻል። ያኔም «ዝም በል» እንዳትይው፤ እሱም ያው ማሳፈር ነው።

በርበሬና ሽሮ በጎረቤት ልጅ ልኬያለሁ። በርበሬውን ፍሪጅ ውስጥ አድርጊው። እሁድ ደውዪና ከማሙሽ ጋር አገናኚኝ።

እናትሽ