ዩፒኤስ የምትሸጡልን፣ የባትሪውን ዕድሜም ንገሩን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎፋ ሠፈር፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ በመተየብ ነው የምተዳደረው። የምሠራው በዴስክቶፕ ነው። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ አለው፤ ዴስክቶፕ ግን መብራት ለዓይን ጥቅሻ ያህል ከጠፋ ድርግም ይላል። ስለዚህ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲቋረጥ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ፣ እጠቀማለሁ።

ስለ መብራት ስናማርር የምናወራው ለሰዓታት ስለሚሄደው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን አጭሩ ነው። እኛ ግቢ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ይታወቃል። ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ፍዝዝ ይላል፣ ዩፒኤሴም ቀጭ ይላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ መስመሩ ደካማ ከሆነ 220 መሆን የነበረበት ቮልቴጅ ይወርዳል። ኮምፒውተር ኃይል ሲቋረጥበት የሚታገሠው የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ቢሆን ነው። ዩፒኤስ ከዚያ በፊት ወደ ባትሪ ይዞራል። ስታብላይዘር ይበቃኛል የምትሉ፣ እሱ ቮልቴጅ ያስተካክላል እንጂ ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል።

ቅሬታዬ ሻጮች ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ 650 ቪኤ (ቮልት ሲባዛ በአምፒር) ተብሎ በትልቁ ይጻፋል። የሚችለው ዋት ግን ብዙውን ጊዜ ከ400 በታች ነው፤ ይህን የሚነግረን የለም። የባትሪው ይብሳል። ውስጡ ያለው የሊድ አሲድ ባትሪ ሠራም አልሠራም ያረጃል። በደህናው ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለግላል፤ ቻርጅ ሳይደረግ መደርደሪያ ላይ ከከረመ ግን ቶሎ ይሞታል። አንዲት ደንበኛዬ አዲስ ነው ተብላ የገዛችውን ይዛ መጣች። ስንፈታው ባትሪው አብጦ ከቤቱ አልወጣ አለን። ሻጩ «አረንጓዴው በርቷል፣ ይሠራል» ነበር ያላት። ልጅቷ ገንዘቡን ያጠራቀመችው ከወር ወጪዋ ቀንሳ ነው፤ በጣም አሳዘነችኝ። ባትሪው የሞተ ዩፒኤስ እኮ ውድ ዲቫይደር ነው።

ስለዚህ ደረሰኙ ላይ ዋቱና ባትሪው የተመረተበት ወር ይጻፍልን። ገዢው ፊት ኮምፒውተር ተሰክቶበት፣ ከግድግዳው ተነቅሎ ይታይ። ይህ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ቤት ያላችሁም የጀመራችሁትን ሴቭ አድርጋችሁ አልፎ አልፎ እየነቀላችሁ ሞክሩት። ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት፤ ሲሞቅ ብዙ ኃይል ይስባል። ባትሪው ሲደክም ደግሞ ዕቃውን አትጣሉ። ባትሪው ለብቻው ይሸጣል፣ ቮልቱንና አምፒሩን አይታችሁ ተመሳሳዩን ግዙ።

የጽሕፈት ሠራተኛ፣ ከአዲስ አበባ