ካምቢዮ ከማውረዳችሁ በፊት ሶኬቱን እዩ

ጤና ይስጥልኝ የዝግጅት ክፍል። ኮምቦልቻ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ይህን የምጽፈው አውቶማቲክ መኪና ለሚነዱ ሰዎች፣ ቅር እንዳይላቸው እየጠየቅኩ ደግሞ ለሙያ ጓደኞቼ ነው።

መኪናው ጠዋት ከደሴ ሲነሳ ደህና ነው። ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል። ሲመለስ ዳገቱ መሐል ገጭ ይልና አንድ ማርሽ ላይ ይቀራል፤ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይገፋም። ሹፌሩ ዳር ይዞ ያጠፋዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ሲያስነሳው ምንም እንዳልነበረ ይሄዳል። ጋራዥ ሲደርስ ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ባለቤቱን ያሳፍረዋል። ከዚያ «አብሽር፣ ካምቢዮው ነው፣ እናወርደዋለን» ይባላል።

ኧረ ቆይ! ያለቀ ፍሪሲዮን ቁልፍ ስለዞረ አይድንም። አጥፍቶ በማስነሳት የሚስተካከል ብልሽት ብዙውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው። ኮምፒውተሩ ከአንዱ ሴንሰር የማይሆን ምልክት ሲደርሰው ወይም የሶሌኖይድ፣ ማለትም ካምቢዮው ውስጥ የዘይት መንገድ የሚከፍትና የሚዘጋው የኤሌክትሪክ ቫልቭ፣ መስመር ሲቋረጥበት፣ ካምቢዮው እንዳይጎዳ ብሎ አንድ ማርሽ ላይ፣ በብዙዎቹ ሦስተኛ ላይ፣ ያስቀረዋል። በድሮ ኮሮላዎች ላይ የኦ/ዲ ኦፍ (ኦቨርድራይቭ ጠፍቷል የሚለው) የዳሽቦርድ መብራት ብልጭ ድርግም የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በቅርቡ አንድ ኮሮላ መጣልኝ። ሌላ ቦታ ካምቢዮው ተቀይሮለታል፣ ብልሽቱ ግን እዚያው ነው። ለምን አይሆንም፣ ካምቢዮው ተቀየረ እንጂ ገመዱ የድሮው ነው! ኮምፒውተሩ የመዘገበው የብልሽት ኮድም ተደምስሷል። ኮድ የሚያነበውን ቴስተር ሰክቼ ከባለቤቱ ጋር ሐረጎን ወጣን፣ ዳገቱ ላይ ያው ነገር ተነሳና የፍጥነት ሴንሰር ኮድ፣ ፒ0720፣ ያዝን። ሶኬቱን ስነቅለው አንዱ ፒን አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። ከሶኬቱ ጀርባ ደግሞ የገመዱ ላስቲክ ደህና ይመስላል፣ ሳጥፈው ግን ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሷል፣ ሲገናኝ ይሠራል፣ ሞተር ሲግልና ሲንቀጠቀጥ ይለቃል። ፒኑን ቀየርኩት፣ ሽቦውን በስታኞ አያያዝኩት፣ ብረት እንዳይፈትገውም አሰርኩት። የወጣው ወጪ ከካምቢዮው ዋጋ ጋር አይወራም። ባለቤቱ መሳቅም መናደድም አቃታቸው።

ሶኬት ለምን ይዝጋል ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ላቫጆ ነው። የደሴ ክረምት ጭቃ መታጠብ አለበት፣ አውቃለሁ፣ ግን በከፍተኛ ግፊት ውሃ ኮፈን ከፍቶ ሶኬት ላይ መርጨት ምን ይሉታል?

ለባልደረቦቼ፦ ፒ0700 የሚለው ኮድ የካምቢዮው ኮምፒውተር ሌላ ኮድ እንዳለው ነው የሚናገረው፣ ካምቢዮው ሞቷል አይልም። ሳትጽፉ አትደምስሱ። ስትደመስሱ ብልሽቱ ሲከሰት የነበረው የሞተር ሙቀትና ፍጥነት አብሮ ይጠፋል። መጀመሪያ ባትሪውን ለኩ፤ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ፣ ሲሠራ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ13.5 እስከ 14.5 ነው። ቀጥሎ ማሳውን፣ ማለትም ሞተሩን ከባትሪው ኔጋቲቭ የሚያገናኘውን ገመድ። ሞተሩ እየሠራ፣ መብራት አብርታችሁ፣ ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጋቲቭ ስትለኩ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ልል ወይም የዛገ ነው። ሶሌኖይዱን ቀዝቅዞም ግሎም ለኩት፤ በብዙ ቶዮታዎች ላይ ማርሽ የሚቀይሩት ቀዝቅዘው ከ11 እስከ 15 ኦም ናቸው። ሲግል መስመሩ ጭራሽ ከተቋረጠ ችግሩ ተገኘ ማለት ነው። ዘይቱ ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተ ወይም መኪናው ሁሌም የሚንሸራተት ከሆነ ግን አውርዱት፣ እሱን አልከራከርም።

ባለመኪኖች ደግሞ ብልሽቱ መቼ እንደሚመጣ ያዙ። ሲግል ነው? ከዝናብ በኋላ ነው? ዳሽቦርዱን በስልክ ቅረጹት። ቁልቁለት ላይ ከያዛችሁ ግን፣ አደራ፣ እየሄዳችሁ ሞተር እንዳታጠፉ፤ መሪውም ፍሬኑም ይከብዳል። ዳር ይዛችሁ መኪናው ከቆመ በኋላ ነው የሚጠፋው።

የወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው። ለጋራዥ ሠራተኞች በእሑድ እሑድ አጭር ስልጠና ቢከፍት ጥሩ ነበር። ለመለማመጃ የሚሆን የዛገ ሶኬትና የተበጠሰ ገመድ እኔ አመጣለሁ፣ ሞልቶኛል።

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ከኮምቦልቻ