ቪዲዮውን ያጠፋሁበት ምክንያት

አብሮ አደጌ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ? ስምንት ወር ድምፄን ያጠፋሁት ተቀይሜሽ አይደለም። ከዚያ በፊት «ኔትወርኩ አይስብም፣ በድምፅ ብቻ እናውራ» እያልኩ ቪዲዮውን ስዘጋም ኔትወርኩ ደህና ነበር። ከኋላዬ ያለውን ግድግዳ እንዳታዪብኝ ነው። ከጣሪያው ጥግ እስከ አልጋው ራስጌ በሻጋታ ጠቁሮ ነበር። እንግሊዝ አገር ተቀምጬ ቤቴ ሻገተ ማለት አፈርኩ።

እኔ ሻጋታ የማውቀው በእንጀራ ነው። ክረምት ላይ ነጠብ ነጠብ ሲል እንጥለዋለን፣ አለቀ። ግድግዳ እንደሚሻግት ማን ነግሮን? መጀመሪያ የበላው እማዬ የሸኘችኝን ነጠላ ነው። ለገና ልለብሰው ከሻንጣ ሳወጣው ጥለቱ ደህና ነው፣ ነጩ ላይ ግን ጥቁር በርበሬ የተበተነበት ይመስላል። ሦስቴ አጠብኩት፣ አልለቀቀም።

ልጄም በዚያው ሰሞን ማሳል ጀመረ። ቀን ሲጫወት ይውላል፣ ሌሊት ደረቱ ውስጥ ድመት የተኛች ይመስል ሲር ሲር ይላል። ዝንጅብል በማር ሰጠሁት፣ ወይ ፍንክች። ሐኪሟ ደረቱን አዳምጣ ስታበቃ የጠየቀችኝ ስለ ቤቱ ነው። ሻጋታው በዓይን የማይታይ ብናኝ ይለቃል፤ እሱን ሲተነፍሱት አስም ይቀሰቅሳል፣ አፍንጫና ዓይን ያስቆጣል አለችኝ። ሁሉንም እኩል አይጎዳም። ባለቤቴ እዚያው ክፍል ተኝቶ አንዴ እንኳ አላስነጠሰም። የሚብሰው ሕፃን፣ አረጋዊ፣ አስም ያለበትና የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ላይ ነው።

አከራያችን ግን «ወጥ ታበዛላችሁ፣ መስኮት ክፈቱ» አለን። አመንኩት! ቁሌት ተውኩ። በዚያ ብርድ መስኮት ከፍቼ ተንቀጠቀጥኩ። ግድግዳውን በበረኪና ፈገፈግኩት፤ ነጣ፣ በሁለት ሳምንቱ ተመለሰ። ሽታው ደግሞ የልጁን ሳል አባሰው።

ከዚያ ጎረቤቴ ስለ አዋብ ኢሻክ ነገረችኝ። ከእኛ ማንቸስተር በትራም በሚኬድበት በሮችዴል ይኖር የነበረ የሱዳናውያን ልጅ ነው። አባቱ ስለ ሻጋታው ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር፤ «ቀለም ቀባበት» ተባለ። አዋብ በታኅሣሥ 2020 ሁለት ዓመት በሞላው በቀናት ውስጥ ሞተ። በ2022 የሞቱን መንስኤ ያጣራችው ዳኛ የገደለው ለረጅም ጊዜ የተነፈሰው የቤቱ ሻጋታ ያመጣበት የመተንፈሻ ሕመም ነው አለች። አከራዮቹ ግን ጥፋቱን በቤተሰቡ አኗኗር ሲያመካኙ ነበር የከረሙት። ልክ እንደ እኔ ወጥ። ያን ሌሊት ልጄን ሳሎን አስተኝቼ እኔ እስኪነጋ ሲተነፍስ ሳዳምጥ አደርኩ።

አሁን በስሙ ሕግ ወጥቷል። ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ የማኅበራዊ ቤት (ቀበሌ ወይም ማኅበር በርካሽ የሚያከራየው ቤት) አከራይ አደገኛ ሻጋታ ሲነገረው በ10 የሥራ ቀን ውስጥ መመርመር አለበት፤ አጣዳፊ ከሆነ በ24 ሰዓት። የእኛ የግል ኪራይ ስለሆነ ገና አልደረሰንም።

እኔም መለመኑን ትቼ ለአከራያችን መጻፍ ጀመርኩ። በየሳምንቱ ፎቶ፣ ቀን፣ የሐኪሟ ወረቀት። እርጥበት መለኪያ ገዛሁ፤ ከ60 በመቶ በታች መሆን ያለበት 81 ይላል። በመጨረሻ ሠራተኛ ላከ። ለካ ውጪ አሸንዳው ተሰንጥቆ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ሲወርድ ነው የከረመው! እኔ ሽንኩርቴን ስረግም። አሸንዳው ተቀየረ፣ የበሰበሰው ልስን ተልጦ ተነሣ። ቁም ሳጥኑንም አየር እንዲያልፍ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አራቅነው። መለኪያው ዛሬ ጠዋት 54 ነበር። ልጁ በአፍ የሚስበውን መድኃኒት፣ ፓፉን፣ አልተወም፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ይተኛል።

ቅዳሜ ማታ ደውዪልኝ፣ በቪዲዮ። የነጠላውን ነገር ግን ለእማዬ እንዳትነግሪያት።

ያንቺው